የጀማሪ ሥራና የባልንጀራ ምስክርነት

ሰው የእጁን ሥራ ይወዳል፤ ልጁ በእጁ የሠራውን ደግሞ ከራሱ ሥራ አብልጦ ይወዳል። ስለዚህ አባትና እናት በልጃቸው ሥራ ላይ ፈራጆች ሆነው በተቀመጡ ጊዜ ፍርዱ ነገሩ ሳይሰማ የተቈረጠ ነው። ይህን የምጽፈው የሌላውን ቤት ለመንቀፍ አይደለም፤ በገዛ ቤቴ የሆነውን አይቼ ነው እንጂ።

ልጄ ካለፈው ክረምት ጀምራ የድረ ገጽ ሥራ ትማራለች። ይህን ጥበብ ላልተመለከቱት ክቡራንና ክቡራት አንባቢዎች በአጭር ቃል ለመግለጥ፥ ሰው በኮምፒዩተር ወይም በእጅ ስልክ ኢንተርኔትን ከፍቶ የሚያየው ገጽ፥ በዓይን የሚታየው ወገኑ በሦስት ቋንቋ ተጽፎ የሚሠራ ነው። ኤች ቲ ኤም ኤል የሚባለው እንደ ቤት ምሰሶና ግድግዳ ነው፤ ርእሱ ይህ ነው፥ አንቀጹ ይህ ነው፥ ፎቶግራፉ ከዚህ ይቀመጥ ብሎ ያዝዛል። ሲ ኤስ ኤስ ምርጊቱና ቀለሙ፥ ምንጣፉና መጋረጃው ነው። ጃቫስክሪፕት ደግሞ እንደ በረኛ ነው፤ እንግዳው ሲነካው ይከፍታል፥ የታዘዘውን ይቀበላል፥ ያልተሟላውን «ይህ ቀርቷል» ብሎ ይመልሳል። ሦስቱም በአውሮፓ አቈጣጠር ከ1991 እስከ 1996 ባሉት ዓመታት ለዓለም የተገለጡ ናቸው።

ባለቤቴ የባልትና ሥራ ታውቃለች፤ በርበሬዋንና ሽሮዋን የሚያዝዙ ዘመዶችና ጎረቤቶች ጥቂቶች አይደሉም። ልጄም የመጀመሪያ ሥራዋ ይህ እንዲሆን ብላ፥ የእናቷን በርበሬ፥ ሽሮና ሚጥሚጣ የሚያሳይ፥ ከግርጌውም ትእዛዝ የሚጻፍበት ቦታ ያለው አንድ ገጽ ለመሥራት ሦስት ሳምንት ደከመች። አንድ እሑድ ከምሳ በኋላ ኮምፒዩተሯን ከጠረጴዛ ላይ አኑራ ሁላችንን ጠራችን። መደቡ ጥቁር ነበረ፤ ፊደሉ እንደ በርበሬ የጠቈረ ቀይ፤ ከራስጌው ላይ እናቷ ከሰፌድ በርበሬ ስትለቅም የሚያሳይ ትልቅ ፎቶግራፍ ተቀምጦበታል። እኔ «እጅሽ ይባረክ» አልኋት። አያቷ እልል አሉ። ታናሽ ወንድሟም ከዚህ የሚበልጥ በኢንተርኔት ላይ አላየሁም ብሎ መሰከረ፤ እርሱ በኢንተርኔት ላይ የሚያየው ኳስ ብቻ መሆኑን ግን ሁላችንም እናውቃለን።

በዚያው ምሽት ገጹን ከእርስዋ ጋር ለሚማሩት ባልንጀሮቿ ላከችው። ከአንዱ የመጣው መልስ ሦስት ዐረፍተ ነገር ነበረ፤ «ፎቶግራፉ አይታይም። በስልኬ ላይ የማዘዣው ቁልፍ ከስክሪኑ ወጥቷል። ቀዩን ፊደል ማንበብ አልቻልሁም።» ሰላምታም ምስጋናም አልነበረበትም። ሌላይቱ ባልንጀራ ደግሞ «አያምርም» ብላ ብቻ ላከች። ልጄ ኮምፒዩተሯን ዘግታ ራት ሳትበላ ተኛች።

እኔም ተቈጣሁ። ልጁ ምቀኛ ነው አልሁ። የሙያዬ ልማድ ይዞኝ፥ ብዕሬን አንሥቼ እንደ ክርክር መልስ ያለ ጽሑፍ ጀመርሁ፤ ፎቶግራፉ አይታይም ለተባለው፥ በሰባት የቤተ ሰብ ምስክሮች ፊት ታይቷል ብዬ ጻፍሁ። በማግሥቱ ማለዳ ይህን ለልጄ ባሳያት፥ አንብባ ዝም ብላ ቈየችና፥ «አባባ፥ እርስዎም አያቴም ያያችሁት በእኔ ኮምፒዩተር ነው» አለችኝ። ይህን ከተናገረች በኋላ ምክንያቱ በራሷ አፍ ተገለጠላት። ፎቶግራፉ እንዲገባ በጻፈችው ትእዛዝ ውስጥ የሰጠችው አድራሻ የገዛ ኮምፒዩተሯ ውስጠኛ ጎታ ነበረ። በእርስዋ ዘንድ ይታያል፤ ሌላው ሰው ግን የእርስዋ ጎታ የለውምና ባዶ ሳጥን ያያል። የሰባታችን ምስክርነት ሁሉ በአንድ መስኮት የታየ አንድ ምስክርነት ነበረ።

ዘመኔን ያሳለፍሁት የምስክር ቃል በመጻፍ ነው። ምስክር ከችሎት ሲቆም የሚጠየቀው ያየውንና የሰማውን፥ የት ቆሞ እንዳየው፥ መቼ እንደ ሆነም ነው። «ይህ ሰው ክፉ ነው» ቢል ዳኛው ያቋርጠዋል፤ ፍርዱ የእርሱ አይደለምና። ያንን የተቈጣሁበትን ሦስት ዐረፍተ ነገር በዚህ ሚዛን ባየው፥ የጎደለው ትሕትና እንጂ እውነት አልነበረም። ያየውን ተናገረ፤ በስልኩ እንዳየውም ገለጠ። «አያምርም» ያለችው ባልንጀራ ግን ምስክር ሳትሆን ዳኛ ሆና ነበረ፤ ከቃሏም ልጄ አንዲት ነጥብ እንኳ ልታርምበት የምትችል ነገር አላገኘችም። የእኔ «እጅሽ ይባረክ» እንደዚያው ነበረ፤ ልዩነቱ የእርስዋ ሲያስለቅስ የእኔ ማስተኛቱ ነው።

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። በቅኔ ቤት ሳለን ጀማሪው በጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ እርሱም ሁለት ቤት ብቻ ነው። ቀን ሲቈጥር ውሎ ሲመሽ ለመምህሩ ይነግራል። እኛ ግን ከመምህሩ ፊት ከመድረሳችን በፊት በዛፍ ጥላ ሥር ለባልንጀራ እንነግር ነበር። ደኅናው ባልንጀራ «ቅኔህ ከንቱ ነው» አይልም፤ «ሁለተኛው ቤት አልመታልኝም» ይላል፤ ወይም «ሰሙን ሰምቻለሁ፥ ወርቁ ግን አልታየኝም» ይላል። አልታየኝም ማለት ወርቅ የለውም ማለት አይደለም። ከእኔ ዘንድ አልደረሰም ማለት ነው፤ ባለ ቅኔውም ወርቁ አለ ብሎ ከመከራከር ይልቅ እንዲታይ አድርጎ ያቃናዋል። ኋላ በገባሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት ደግሞ ደብተራችንን ከጎናችን ካለው ልጅ ጋር ተለዋውጠን እንድንተራረም ያዝዙን ነበር። እኔና ጎረቤቴ ተስማምተን አንዱ የአንዱን ስሕተት እያለፈ ብዙ ሳምንት በፍቅር ተቀመጥን፤ በፈተናው ቀን ሁለታችንም አብረን ወደቅን።

ድረ ገጽ ራሱ ከመወለዱ በፊት የባልንጀራ አስተያየት ደርሶታል። ቲም በርነርስ ሊ የሚባለው እንግሊዛዊ፥ በስዊስ አገር በጄኔቭ አጠገብ ባለው ሰርን በሚባለው የምርምር ቤት ሲሠራ፥ በመጋቢት 1989 በአውሮፓ አቈጣጠር ዕውቀትን በኮምፒዩተር ስለ ማያያዝ አንድ ሐሳብ ጽፎ ለአለቃው ለማይክ ሴንዶል ሰጠው። ሴንዶልም በወረቀቱ ራስጌ ላይ በብዕር የጻፈበት ቃል፥ ሐሳቡ ገና ግልጽ አለመሆኑንና ነገር ግን ልብ የሚያነሣሣ መሆኑን የሚናገር ሦስት ቃል ብቻ ነበረ። በርነርስ ሊ በዚህ አልተቀየመም፤ በ1990 ጽሑፉን አሻሽሎ እንደ ገና አቀረበ፤ በዚያው ዓመትም ሴንዶል ኔክስት የተባለውን ኮምፒዩተር እንዲገዛ ፈቀደለት፤ የመጀመሪያው ድረ ገጽ የተሠራው በዚያ ነው። አለቃው ዝም ብሎ ቢያመሰግነው ኖሮ ሐሳቡ በድንግዝግዝ ይቀር ነበር፤ ግልጽ አይደለም ብቻ ብሎ ቢተወው ደግሞ ሰውዬው ብዕሩን ይጥል ነበር ብዬ እገምታለሁ።

ወደ ልጄ ነገር ልመለስ። ሁለተኛ ስትልክ ዝም ብላ «እንዴት ነው?» አላለችም። እንዲህ ብላ ጻፈች፤ «ይህ የመጀመሪያ ሥራዬ ነው። የተሠራው በእጅ ስልክ ለሚያዝዙ እናቶች ነው። እባካችሁ በስልካችሁ ከፍታችሁ ግማሽ ኪሎ ሽሮ ለማዘዝ ሞክሩ፤ የት ላይ እንደ ቆማችሁና በምን ስልክ እንዳያችሁት ንገሩኝ።» ይህ አራት መስመር ከሦስት ሳምንት ሥራዋ የማያንስ ጥበብ ያለበት ይመስለኛል። «እንዴት ነው?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው ስለ መልክ ይመልሳል፤ «ሽሮ እዘዝ» የተባለ ሰው ግን እንደ ደንበኛ ይሄድና መንገዱ የተበላሸበትን ስፍራ ያገኛል።

መልሱም መጣ። አንደኛው ሰው ፎቶግራፉ አሁን እንደሚታይ፥ ነገር ግን እስኪመጣ ድረስ ቡና ሊያፈላ እንደሚችል ጻፈ። ልጄ ስትመረምረው፥ በስልክ ያነሣችው ፎቶግራፍ ሳይቀነስ እንዳለ መግባቱን አገኘች፤ ክብደቱ 4 ሜጋባይት ነበረ። ወደ 150 ኪሎባይት ባወረደችው ጊዜ በዓይን የሚታይ ልዩነት አልተገኘበትም። ኢንተርኔት በሜጋባይት ተቈጥሮ በሚገዛበት አገር ይህ የደንበኛውን ኪስ መጠበቅ ነው። የማዘዣው ቁልፍ ከስክሪን የወጣበት ምክንያት ደግሞ የገጹን ስፋት በ1200 ፒክስል ስለ ቸነከረችው ነበረ፤ ፒክስል የሚባለው የስክሪን ነጥብ መለኪያ ነው፤ የብዙው ስልክ ስፋት ግን በዚህ መለኪያ 360 ያህል ነው። ስፋቱን በቊጥር መቸንከር ትታ፥ ገጹ እንደ ስክሪኑ ስፋት እንዲዘረጋና እንዲሰበሰብ አዘዘችው።

ስለ ቀዩ ፊደል ግን ብዙ ተከራከረች። የበርበሬ ቀለም ነው፥ ያለ እርሱ ገጹ ነፍስ የለውም ትል ነበር። ይህን ነገር በባልንጀራ ቃልና በእርስዋ ቃል ብቻ መፍረድ አያስፈልግም፤ መለኪያ አለውና። የድረ ገጽን ደንብ የሚያወጣው ማኅበር በ2008 ባወጣው መመሪያ፥ የተራ ጽሑፍ ቀለምና የመደቡ ቀለም በብርሃን የሚለያዩበት መጠን ከ4.5 ለ 1 እንዳያንስ ያዝዛል። ጥቁር ፊደል በነጭ ላይ 21 ለ 1 ነው፤ ከዚህ የሚበልጥ የለም። ልጄ የእርስዋን ብትለካው 2 ለ 1 ያህል ሆኖ አገኘችው። ክርክሩ በዚህ ቆመ። ቀዩን ለርእሱ መስመርና ለጌጡ አስቀርታ፥ ጽሑፉን ጥቁር፥ መደቡን የጤፍ ነጭ አደረገችው። የአማርኛውን ፊደልም ከፍ አደረገችው፤ የእኛ ፊደል ከላቲኑ ይልቅ እግርና ክንድ የበዛበት ስለ ሆነ፥ ለእንግሊዝኛ የሚበቃ መጠን ለእኛ አይበቃም። ዓይኔ መነጽር የሚሻ ሰው ነኝና ይህን ስመሰክር ለራሴ ጥቅም ጭምር ነው።

ያኮብ ኒልሰን የተባለው የዚህ ሙያ ሊቅ በ2000 በጻፈው ጽሑፍ፥ አንድ ሰው ገጽ ሲጠቀም ካሉት እንከኖች ሲሶውን ያህል እንደሚገልጥ፥ አምስት ሰዎች ግን ከመቶ 85 ያህሉን እንደሚያወጡ ገምቷል። ስለዚህ ጀማሪው ሃምሳ ሰው መለመን የለበትም፤ አምስት ይበቁታል፤ አርሞ ደግሞ ሌሎች አምስት ይጠይቅ። ነገር ግን አምስቱ በአንድ ኮምፒዩተር ፊት የተደረደሩ አምስት ዘመዶች ከሆኑ፥ እንዳልሁት፥ አንድ ናቸው።

ከልጄ አምስት ምስክሮች አንዷ ጎረቤታችን ናት። ቤታችን መጥታ ስልኳን ይዛ ተቀመጠች፤ ልጄ አጠገቧ። ሴቲቱ የማዘዣውን ቁልፍ ስትፈልግ ቈየች፤ የሽሮውን ፎቶግራፍ አንድ ጊዜ ነካች፥ ሁለተኛ ነካች፥ ሦስተኛ ነካች። የልጄ እጅ ለማሳየት ተነሣ፤ «ከዚህ ታች…» ብላ ጀመረች። እኔም ከወንበሬ ሆኜ አስቆምኋት። ምስክሩን የጠራ ወገን የራሱን ምስክር በመሪ ጥያቄ እንዳይመራ በችሎት የተከለከለ ነው፤ እየመሩ ያናገሩት ምስክር የመሪውን ቃል ይናገራልና። ነገ በየቤቱ የሚያዝዘው ሰው አጠገብ ልጄ ተቀምጣ «ከዚህ ታች» አትለውም። ሴቲቱ ፎቶግራፉ ራሱ ማዘዣ መስሏት እንደ ነበረ ኋላ ነገረችን፤ ልጄም ፎቶግራፉ ሲነካ ወደ ማዘዣው እንዲወስድ አደረገችው። ዝም ብላ ባትቀመጥ ኖሮ ይህን አታገኘውም ነበር። ዝም ማለቱ ግን ከኮዱ ሁሉ የከበዳት ነበረ፤ ከንፈሯን ነክሳ ተቀምጣለች።

ሌላው ምስክር ዓይነ ስውር የሆነ ዘመዳችን ነው፤ ስልኩ በስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ ያነብለታል። ከፎቶግራፉ ላይ ሲደርስ ስልኩ የፋይሉን ስም፥ ፊደልና ቊጥር ብቻ፥ አነበበለት። ልጄ ለፎቶግራፉ ምትክ ቃል አልጻፈችለትም ነበርና። ይህ ምትክ ቃል በኤች ቲ ኤም ኤል አራተኛ እትም፥ በታኅሣሥ 1997 በአውሮፓ አቈጣጠር፥ ግዴታ የሆነ ነው። «እናቴ በሰፌድ ላይ በርበሬ ስትለቅም» ብላ ጻፈችበት፤ ዘመዳችንም ሲሰማው ሣቀና «አሁን አየኋት» አለ።

አስተያየት ሁሉ ይፈጸማል ማለት ግን አይደለም። አንዱ ባልንጀራ አማርኛውን ትተሽ በእንግሊዝኛ ጻፊው፥ የሠለጠነ ይመስላል አላት። የሚያዝዙት እናቶች የሚያነቡት አማርኛ ነውና ልጄ አመስግና አለፈችው። በየካቲት 1993 ማርክ አንድሪሰን የተባለው የአሜሪካ ወጣት በድረ ገጽ ውስጥ ሥዕል የሚገባበትን ትእዛዝ ለባልንጀሮቹ ሐሳብ አድርጎ ባቀረበ ጊዜ፥ በርነርስ ሊ ራሱ ሳይቀር ሌላ መንገድ ይሻላል ያሉ ነበሩ፤ እርሱ ግን ሰምቶ ሲያበቃ በራሱ መንገድ ሠራው፤ ያም ትእዛዝ ዛሬ ልጄ ለእናቷ ፎቶግራፍ የተጠቀመችበት ነው። ሰሚው ምስክሩን ከሰማ በኋላ ፍርዱ የእርሱ ነው። ልጄ የለየችበት መንገድ ቀላል ነበረ፤ «አልታየኝም፥ አልተከፈተልኝም፥ አላገኘሁትም» የተባለውን ሁሉ አረመች፤ «እኔ ብሆን ሰማያዊ አደርገው ነበር» የተባለውን ግን በደብተሯ ጽፋ አሳደረችው። ሁለት ሦስት ሰው በደገመው ጊዜ ተመለሰችበት፤ ያልተደገመውን ተወችው።

በዚህ ስፍራ ለከበሩ ቤተ ሰቦች አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። የታወቀ ሰው ልጅ ሥራውን ሲያሳይ እንከኑን የሚነግረው ሰው ከሌላው ልጅ ይልቅ ያንስበታል። አሽከሩ ያመሰግናል፥ ጉዳይ ያለበት ባለጉዳይ ያመሰግናል፥ የአባቱ የበታች ሹም ከሁሉ አብልጦ ያመሰግናል። እንደዚህ ያለው ልጅ ሥራውን ስሙ ሳይጻፍበት፥ አባቱን ለማያውቁ ተማሪዎች ቢልክ ይሻለዋል። መልሱ መራራ ሆኖ ሲመጣም አባትየው እንደ እኔ ብዕር ባያነሣ፤ ልጁ ራት ይብላ፥ ይተኛ፥ በማግሥቱ ያንብበው። ልጄ ያን ሦስት ዐረፍተ ነገር የጻፈውን ባልንጀራዋን አመሰገነችው፤ እርሱም የራሱን ሥራ ላከላት፤ እርስዋም በበኩሏ ከፍታ ስታየው አንድ ሰዓት ያህል ቈየችና የላከችለትን ቃል አሳየችኝ። ሰላምታ ነበረበት፤ ስልኳ ምን ዓይነት እንደ ሆነ ነበረበት፤ የተሰበረበት ስፍራና የሠመረለትም ስፍራ ነበረበት።

ገጹ ተጠናቀቀ ባለችበት ምሽት እናቷን ጠርታ ስልኩን ሰጠቻት። እናቷ በመጀመሪያው እሑድ ፎቶግራፏን አይታ ሣቀች እንጂ ከገጹ ላይ ምንም አላነበበችም ነበር። አሁን መነጽሯን አድርጋ ከራስጌው እስከ ግርጌው ቃል በቃል አነበበች። ከግርጌው ስትደርስ፥ «ልጄ፥ ይህ የጻፍሽው ስልክ ቊጥር የድሮው ነው እኮ፤ ከተውሁት ዓመት አለፈው» አለቻት። ከአምስቱ ምስክሮች አንዱም ይህን አላየውም ነበር። ልጄ ያን ሌሊት ኮምፒዩተሯን እንደ ገና ከፈተች።